በአንድ ጀሪካን ውሃ ሥራና ኃይልን እንዴት እናሰላለን?

አራት ኪሎ፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ቤት እንበል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ግቢው ቧንቧ ላይ ግን አለ። 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተን እንውጣ። ክፍል ውስጥ ፎርስ፣ ወርክና ፓወር የሚባሉትን እዚህ ጉልበት፣ ሥራና ኃይል እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ከፍታውን እንወቅ። የአንዱን ደረጃ ቁመት ለኩና በደረጃዎቹ ብዛት አባዙት። 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው 60 ደረጃዎች 9 ሜትር ይሆናሉ። መዞሪያውን አትቁጠሩ። ስበት የሚጎትተው ወደ ታች ስለሆነ፣ እኛም የምንቆጥረው ሽቅብ የወጣነውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ኪሎውን ወደ ጉልበት እንቀይር። ብዙ ተማሪ ማርክ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው፤ 20ን በቀጥታ በ9 ያባዛል። ጉልበት የሚለካው በኪሎ ሳይሆን በኒውተን ነው። የ20 ሊትር ውሃ ግዝፈት (ማስ) 20 ኪሎ ግራም ነው፤ ስበት እያንዳንዱን ኪሎ በ9.8 ኒውተን ስለሚጎትት፣ በ9.8 ስናባዛው 196 ኒውተን ይመጣል። ባዶው ጀሪካን ቀላል ስለሆነ እንተወው።

አሁን ሥራው፣ ማለትም ጉልበት ሲባዛ በከፍታ፦ 196 × 9 = 1764 ጁል። ግን ራሳችሁንም ተሸክማችሁ ወጥታችኋል! 60 ኪሎ ከሆናችሁ 588 × 9 = 5292 ጁል፣ የውሃው ሦስት እጥፍ። ድምሩ 7056 ጁል ነው። ላብ የሚያጠምቀን ጀሪካኑ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ኃይል ለማግኘት ሥራውን በሰከንድ አካፍሉ። በ60 ሰከንድ ከወጣችሁ 117.6 ዋት። ያው 60 ኪሎ የሚመዝን የጎረቤት ልጅ ያንኑ ጀሪካን ይዞ በ36 ሰከንድ ቢወጣ 196 ዋት። ሥራው እኩል ነው፤ የተለየው ኃይሉ ነው።

ፎቁ ላይ ደርሳችሁ ኮሪደሩን በእኩል እርምጃ ስትሄዱስ? እጃችሁ ወደ ላይ ይይዛል፣ ጀሪካኑ ወደ ጎን ይሄዳል። በፊዚክስ እጃችሁ ጀሪካኑ ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ይሄ ብዙ ሰው ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ክንዳችሁ መዛሉ እውነት ነው፤ ጡንቻ ዝም ብሎ ለመያዝም ኢነርጂ ይበላል። ቀመሩ የሚቆጥረው ግን ጉልበቱ ባለበት አቅጣጫ የተሄደውን ርቀት ብቻ ነው።

ፓምፕም ስትገዙ ስሌቱ ያው ነው። 1000 ሊትር ሮቶ በ9 ሜትር ከፍታ በ10 ደቂቃ ለመሙላት 88,200 ጁል በ600 ሰከንድ ሲካፈል 147 ዋት ይሆናል። ሞተሩ ግን ከዚህ በላይ ዋት ይፈልጋል፤ ከፊሉ በሙቀትና በሰበቃ ይባክናል።