ሪፖርቱ 1.38 ሰከንድ ይላል፣ ልጅቷ ሃያ ሰከንድ ትጠብቃለች፦ ሎድ ቴስት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የአለካክ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የኦንላይን ምዝገባ ሲስተም ሠራን። ከመክፈታችን በፊት ሎድ ቴስት አደረግን፣ ማለትም ብዙ ሰው በአንዴ የገባ አስመስለን ሲስተሙን ፈተንነው። ሪፖርቱ «አማካይ የምላሽ ጊዜ 1.38 ሰከንድ» አለ። ደስ ብሎን ማኪያቶ ጠጣን።

የምዝገባው ጠዋት ግቢ ውስጥ አንዲት ተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እኮ ዝም ብሎ ይዞራል።» ቲቸር አይደለሁም። ግን የምትዞረዋን ክብ እያየሁ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ላይ ስደርስ ገጹ ተከፈተ።

ከቴስቱ በኋላ ኮዱን ማንም አልነካውም። ችግሩ ያለው አለካካችን ላይ ነበር።

አማካዩን አይቶ መርካት

ቁጥሮቹን መለስ ብለን ስናያቸው ከ100 ጥያቄ 95ቱ በ0.4 ሰከንድ ተመልሰዋል። 5ቱ ግን 20 ሰከንድ ፈጅተዋል። ደምራችሁ ለ100 አካፍሉት፣ 1.38 ይመጣል። 1.38 ሰከንድ የጠበቀ ሰው ግን አንድም የለም።

ስለዚህ ፐርሰንታይል እዩ። 95ኛው ፐርሰንታይል ማለት ከ100 ምላሽ 95ቱ ከዚያ ያልበለጠ ጊዜ ፈጁ ማለት ነው። እሱም ቢሆን የትኛውን ነው የሚለው ያስፈልጋል። እዚህ 95ኛው ፐርሰንታይል ራሱ 0.4 ብሎ ይሸውዳችኋል። ጉዱ የሚወጣው 99ኛው ላይ ነው። «ከመቶ አምስት ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። አንድ ተማሪ ተመዝግቦ እስኪጨርስ 10 ገጽ ይከፍታል እንበል። ዘገምተኞቹ ምላሾች እንደ እጣ የሚደርሱ ከሆነ፣ ከ10 ተማሪ 4ቱ ገደማ ቢያንስ አንዴ ይነካቸዋል።

በነገራችን ላይ፣ ከሁለት ማሽን የወጣ 99ኛ ፐርሰንታይል ተደምሮ ለሁለት አይካፈልም። ጥሬ መረጃውን አንድ ላይ አድርጋችሁ እንደገና አስሉት።

ሰልፉን አለመቁጠር

ይሄኛው ለእኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ። ወፍጮ ቤት አስቡ። የገበያ ቀን ነው፣ መብራት ጠፍቶ ቆይቶ መጥቷል። ባለ ወፍጮው «እትዬ፣ የእርስዎ እኮ አምስት ደቂቃም አልፈጀ» ይላል። እሳቸው ደግሞ «ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሬ የቆምኩትንስ?» እሱ የሚቆጥረው እህሉ ወፍጮው ላይ ከተደፋ ወዲህ ያለውን ነው። እሳቸው ከቤት ከወጡ ጀምሮ ነው።

ብዙ የሎድ ቴስት መሣሪያ እንደ ባለ ወፍጮው ይቆጥራል። ምናባዊው ተጠቃሚ ጥያቄ ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላ ይልካል። ሰርቨሩ ሲደርቅ እሱም አብሮ ዝም ይላል። በሰከንድ አንድ ጥያቄ እየላከ 240 ሰከንድ በሰላም ሄደ፣ እያንዳንዱም በ0.2 ሰከንድ ተመለሰ እንበል። ከዚያ ሰርቨሩ ለ60 ሰከንድ ቆመ። መዝገቡ ላይ 240 ፈጣን ምላሽና አንድ ባለ 60 ሰከንድ ብቻ ይኖራል። 99ኛው ፐርሰንታይል አሁንም 0.2 ነው! እውነተኛ ሰዎች ቢሆኑ ግን በዚያች ደቂቃ 60 ሰው ይመጣ ነበር። አንዱ 60 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ቀጣዩ 59፣ ሌላው 58። ከ300 ሰው አንድ አምስተኛው ማለት ነው።

ጊል ቴኔ የተባለ ባለሙያ ለዚህ ስህተት «ኮኦርዲኔትድ ኦሚሽን» የሚል ስም አውጥቶለታል። መፍትሔው መልስ መጣም አልመጣም ጥያቄው በሰዓቱ እንዲላክ ማድረግ ነው። ጌትሊንግና ኬ ሲክስ የተባሉት የሎድ ቴስት መሣሪያዎች ይህ አማራጭ አላቸው። ኬ ሲክስ በቂ ምናባዊ ተጠቃሚ ካላዘጋጃችሁለት ግን የተወሰነውን ሳይልክ ይጥላል። የተጣለውን ቁጥር ሳታዩ ሪፖርት እንዳታወጡ።

ተጠቃሚውን ትንፋሽ መንሳት

ሰው ገጽ ያነባል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ጓደኛውን ይጠይቃል። መሣሪያው ግን ካላላችሁት በቀር ያለ እረፍት ይወቅጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ተጠቃሚ 2 ሰከንድ መልስ ጠብቆ 28 ሰከንድ ካነበበ፣ 300 ተጠቃሚ በሰከንድ 10 ጥያቄ ብቻ ነው የሚልከው። እኛ 300 ተጠቃሚ ያለ እረፍት ለቅቀን ሰርቨሩን በከንቱ ወቅሰነዋል።

«አይሆንም»ን እንደ ፍጥነት መቁጠር

አንድ ቀን ጭነቱን ስንጨምር የምላሽ ጊዜው ወረደ። ጉድ ነው! ለካ ሰርቨሩ «ይቅርታ፣ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ገጽ በ0.05 ሰከንድ ያድል ነበር፣ ያውም 200 በሚል የስኬት ኮድ። ገጹ ላይ መኖር ያለበት ቃል መኖሩን አስፈትሹ። የተሳካውንና የከሸፈውን ለየብቻ ለኩ።

ሁሌ አንድ መለያ ቁጥር

ያንኑ የተማሪ ቁጥር አሥር ሺህ ጊዜ ከጠየቃችሁት ዳታቤዙ ከማህደረ ትውስታው ይመልስላችኋል። የተለያዩ ቁጥሮች ስጡት። ሰርቨሩ ገና እየሞቀ ያለባቸውን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ደግሞ ለይታችሁ መዝግቡ።

ከሰርቨሩ ጎን ተቀምጦ መለካት

እኛ ከዚያው ቢሮ፣ በዚያው ኬብል ነበር የለካነው። ተማሪው ግን ደጋ ዳሞት ሆኖ በስልክ ነው የሚገባው። 2 ሜጋባይት ገጽ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ለመድረስ ብቻ 16 ሰከንድ ይፈልጋል። ሰርቨሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ይህ አይቀርም። ጄሚተር የተባለው የሎድ ቴስት መሣሪያ ደግሞ ብሮውዘር አይደለም። ገጹ ውስጥ ያለውን ኮድ፣ ጃቫስክሪፕቱን፣ አያስኬድም፤ ስለዚህ ስልኩ ገጹን ለመሳል የሚፈጀው ጊዜ ቁጥሩ ውስጥ የለም። ባለ መስኮቱን ጄሚተርም ለዋናው ቴስት አትጠቀሙበት፣ በኮማንድ ላይን፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ እየሰጣችሁ፣ አስኬዱት። መስኮቱ ራሱ የላፕቶፑን ጉልበት እየበላ ልኬቱን ያዛባል።

አሁን ሎድ ቴስት እየሄደ አንድ ልጅ ከቢሮ እናስወጣለን። ያረጀ ስልክ ይይዛል፣ ዋይፋዩን ያጠፋል። ገበያው ዳር ቆሞ ምዝገባውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይሞክርና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ባለፈው ሪፖርታችን ለመግቢያው ገጽ 2 ሰከንድ ሲል እሱ 19 ጽፎ መጣ። ማኪያቶው ቀረ።