ኪራዩ ዋጋውን ይሸከማል? ጅማ ላይ የሚከራይ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

ቤት ልትገዙ ስትዞሩ ደላላው ቀድሞ የሚነግራችሁ "በወር ይህን ያህል ያስገባል" የሚለውን ነው። እሱ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ማወቅ ያለባችሁ ቤቱ በዓመት ከወጪ የሚተርፈው ገንዘብ የመግዣው ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። ካፕ ሬት የሚባለው ይህ ነው። ለስሌቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ስድስት ሰርቪስ ክፍል ያለው ግቢ በ3,200,000 ብር ቀረበላችሁ እንበል። ክፍሉ በወር 3,000 ብር ይከራያል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የእናንተን ከሻጩ ሳይሆን ከተከራዮቹ ጠይቁ።

መጀመሪያ የዓመቱን ኪራይ አስሉ። ስድስት ክፍል በ3,000፣ በ12 ወር 216,000 ብር ይሆናል። ለዋጋው ሲካፈል 6.75 በመቶ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ገንዘቡን የሚበላው ስህተትም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ባዶ የሚቀመጥበትን ጊዜ ቀንሱ። ተከራይ ይወጣል፣ ሌላ እስኪገባ ክፍሉ ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ወር ብትይዙ 18,000 ብር ይሄዳል። 198,000 ቀረ።

አሁን ወጪ። እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ይዝጋል፣ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ይርሳል፣ ልስኑ ይረግፋል። ጭቃ ቤት ከሆነ ለጥገና ከብሎኬት ቤት የበለጠ ያዙ። ቤቱን በክረምት ሄዳችሁ እዩት። በበጋ የተቀባ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ለጥገና 20,000፣ ሽንት ቤት ለማስመጠጥና ለውሃ 10,000፣ ኪራይ ለሚሰበስብና ግቢ ለሚጠብቅ 12,000፣ ለቤትና ቦታ ግብር 4,000 ብር ብንይዝ በድምሩ 46,000 ነው። ራሳችሁ ብትሰበስቡም የሰብሳቢውን አትሰርዙ፤ ድካማችሁም ዋጋ አለው።

የተረፈው 152,000 ብር ነው። ለ3,200,000 ሲካፈል 4.75 በመቶ። ስም ማዛወሪያና የደላላ ክፍያ ሲጨመር ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። የባንክ ብድር ክፍያና የኪራይ ገቢ ግብር በካፕ ሬት ውስጥ አይገቡም። ግን ከኪሳችሁ ስለሚወጡ ለብቻ አስሏቸው።

ታዲያ 4.75 ጥሩ ነው? ባንክ ለቁጠባ ከሚከፍለው ወለድ ጋር አስተያዩት። 7 በመቶ ቢከፍል፣ ያው 3,200,000 ብር ያለ ጥገናና ያለ ተከራይ ጭቅጭቅ 224,000 ያስገባል። በእርግጥ ባንክ ያለ ብር በኑሮ ውድነት ይሸረሸራል፣ ቦታ ግን ዋጋው ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛ ካፕ ሬት ያለውን ቤት መግዛት ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። የምትገዙት ግን ኪራዩን ሳይሆን የቦታውን ተስፋ ነው። ልጆች እያስተማረ በኪራይ ሊኖር ላሰበ ሰው ተስፋ ቀለብ አይሆንም።

እኔ ስሌቱን የምወደው ለድርድር ስለሚጠቅም ነው። ቢያንስ 7 በመቶ ከፈለጋችሁ 152,000ን ለ0.07 አካፍሉ። 2,171,000 ብር ገደማ ይመጣል። ኪራዩ የሚሸከመው ዋጋ ይህ ነው። ወረቀቱን ለሻጩ አሳዩት። ብዙ ርቀት ካላችሁ ሌላ ግቢ እዩ።

ከተቀራረባችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ ካርታውን አስመርምሩ። እግድ ወይም ዕዳ አለበት? ሰርቪሶቹስ በፈቃድ ነው የተሠሩት? ካልሆነ ኪራያቸውን አውጥታችሁ ከመጀመሪያው አስሉ።