የሆስፒታል ጨረራ አመንጪ ቆሻሻ እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይቀመጣል?

ጨረራ አመንጪ መድኃኒት ለምርመራና ለሕክምና ከሚሰጥበት የኑክሌር ሕክምና ክፍል የሚወጣው ጨረራ አመንጪ ቆሻሻ አብዛኛው፣ ተለይቶ ከተቀመጠና ጊዜውን ከጨረሰ፣ እንደ ሌላው የሆስፒታል ቆሻሻ ሊወገድ ይችላል። ለምርመራ የሚውለው ቴክኒሺየም-99ኤም በየ6 ሰዓቱ፣ ለታይሮይድ ሕክምና የሚሰጠው አዮዲን-131 ደግሞ በየ8 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። በተለመደው አሠራር 10 ግማሽ ዕድሜ ይጠበቃል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ይህም ለቴክኒሺየም ሁለት ቀን ተኩል፣ ለአዮዲን 80 ቀን ስለሆነ፣ አዮዲን የነካው አንድ ጓንት የቴክኒሺየም ከረጢት ውስጥ ቢገባ ከረጢቱ በሙሉ ለሦስት ወር ገደማ ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

ስለዚህ መለየቱ ቆሻሻው በወጣበት ክፍል ይከናወን፤ የታሰረን ከረጢት በኋላ ፈቶ መበርበር ሠራተኛውን በከንቱ ለጨረራ ያጋልጣል። መርፌ በማይበሳ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ። በየከረጢቱ ላይ የንጥረ ነገሩ ስም፣ የታሸገበት ቀንና ከላዩ የተለካው የጨረራ መጠን ይጻፍ። ማከማቻ ክፍሉም የሚቆለፍና እንደ አስፈላጊነቱ በእርሳስ የተከለለ ይሁን።

ቀኑ ሞላ ተብሎ ብቻ ግን አይጣልም። ከረጢቱን ከእርሳስ መከለያው አውጥቶ ሌላ የጨረራ ምንጭ ወደሌለበት ቦታ መውሰድ፣ አስቀድሞ የአካባቢውን ተፈጥሯዊ ጨረራ መለካት፣ ከዚያም መለኪያውን ወደ ከረጢቱ አስጠግቶ በሁሉም ጎን በዝግታ ማዞር ያስፈልጋል። ንባቡ ከአካባቢው ካልተለየ ውጤቱ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ባለ ሦስት ክንፉ የጨረራ ምልክትም ተልጦ ወይም ተሰርዞ ከረጢቱ ይወጣል። ይህች የምልክት ነገር በቀላሉ ትዘነጋለች፤ ምልክት እንደያዘ ቆሻሻ መጣያ የደረሰ ከረጢት ግን መጀመሪያ ሰው ያስደነግጣል፣ ሲደጋገም ደግሞ እውነተኛውን ምልክት ያስንቃል።

በካንሰር ጨረር ሕክምና መሣሪያ ውስጥ ለሚገኙት የታሸጉ ምንጮች፣ ማለትም በጥብቅ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ላሉ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮች፣ ይህ አሠራር አይሆንም፤ ለምሳሌ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሲዚየም-137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ ክሊኒክ የተወሰደ የሲዚየም ምንጭ ተፈትቶ፣ በጨለማ የሚያበራው ዱቄት ከቤት ወደ ቤት ተዳርሶ አራት ሰዎች ሞተዋል። በመሆኑም ምንጩ ሲገዛ፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ አምራቹ መልሶ እንዲወስደው በውሉ ውስጥ ይካተት። እስከዚያው ተቆልፎ በየጊዜው ይቆጠር፤ ክሊኒኩ ቢዘጋ ወይም ቢዛወር ደግሞ ሕንፃው ከመለቀቁ በፊት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይገለጽ።