ለክፉ ቀን የሚሆን የቤት ክምችት በትንሽ ገንዘብ

የክፉ ቀን ክምችትን በአንድ ጊዜ ለመግዛት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ መሀል ላይ ያልቅበታል። የገዛውም ቤተሰቡ የማይወደው ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይበላሻል። አቅም ላነሰው ቤት የሚሠራው፣ ዘወትር ከሚበላውና ከሚጠቀምበት ነገር በየአስቤዛው ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መግዛት ነው። እንዲህ የተቀመጠ ምግብ ቀድሞ የተገዛ የሚቀጥለው ወር ቀለብ ነውና ወጪው የትም አይሄድም።

ከሁሉ በፊት ውኃ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ፤ ግማሹ ለመጠጥ፣ ግማሹ ለማብሰልና ለመታጠብ። አራት ሰው ላለበት ቤት ይህ ለሦስት ቀን 48 ሊትር፣ ለሁለት ሳምንት 224 ሊትር ይሆናል። በሦስት ቀኑ ጀምሩ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። የምታጠባ እናት ወይም የታመመ ሰው ካለ ጨምሩበት።

ለዕቃው ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የለስላሳና የታሸገ ውኃ ጠርሙስ ይበቃል። የወተትና የጭማቂ ዕቃ ግን ተዉት፤ ከወተቱና ከስኳሩ የሚቀረው ቅሪት በእጥበት ስለማይለቅ ባክቴሪያ ይራባበታል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ደግሞ በምንም መንገድ ለመጠጥ አይሆንም።

ጠርሙሱን በሳሙና አጥባችሁ አለቅልቁ። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ መዓዛ ያልተጨመረበት በረኪና ጨምሩና ከዚያ ጥቂት ወደ ጠርሙሱ ቀድታችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ በደንብ ናጡት። ገልበጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ክዳኑንና አንገቱን ነው። 30 ሴኮንድ ቆይታችሁ ድፉት፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ ከዚያ ሙሉት። የክዳኑን ውስጥ በጣት አትንኩ። ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉና ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ከነዳጅና ከፀረ ተባይ አርቁት፤ ትነቱ ፕላስቲክን አልፎ ይገባል። በየ6 ወሩ ውኃውን ቀይሩ፤ አሮጌው ልብስ ይታጠብበታል።

ክምችቱ አልቆ አጠራጣሪ ውኃ መጠጣት ግድ ከሆነ ማፍላት ይሻላል። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከሌለ ጥንካሬው ከ5 እስከ 9 በመቶ ከሆነ በረኪና ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውኃው ከደፈረሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉትና 4 ጠብታ አድርጉ። ሲጨረስ የክሎሪን ሽታ በስሱ መሽተት አለበት። ማፍላቱም በረኪናውም ኬሚካል ወይም ነዳጅ የገባበትን ውኃ አያድኑም። በረኪና ሲቆይ ኃይሉ ስለሚደክም ትንሹን ጠርሙስ ግዙ፤ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ አንድ አዋቂ በቀን 2000 ያህል ካሎሪ ያስፈልገዋል ብላችሁ አስሉ። 4 ኪሎ ነጭ ሩዝ፣ 2 ኪሎ ምስር ክክ፣ 700 ሚሊ ሊትር ዘይትና ግማሽ ኪሎ ስኳር አንድን ሰው ለሁለት ሳምንት ከሞላ ጎደል ያደርሱታል። ዘይቱን አትናቁት፤ ቦታ ሳይፈጅ ከሁሉ የበለጠ ኃይል የሚሰጥ እሱ ነው። ቡናማ ሩዝ በውስጡ ቅባት ስላለው በወራት ውስጥ ይቆመጥጣል፤ ለማቆየት ነጩ ይሻላል። ምስር ክክን ያስቀደምነው ቶሎ ስለሚበስል ነው። ሙሉ ጥራጥሬ እየቆየ ሲሄድ ይደርቅና ማገዶ ይጨርሳል።

ነቀዝ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ አይፈጠርም፤ እንቁላሉ ከእህሉ ጋር ተገዝቶ ይመጣል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው እህሉን ለ4 ቀን በረዶ ቤት ያሳድረው፤ ሲያወጣው ግን ላቡ እስኪደርቅ ድረስ አይክፈተው። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ይግባ። ዕቃውን በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ እርጥበት ከታች ይስበዋል። ጣውላ ይነጠፍለት። አዲሱ ከኋላ፣ አሮጌው ከፊት ይሁን። ያበጠ ወይም የሚያፈስ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ሳይቀመስ ይጣል።

ማገዶን የሚቆጥብ አንድ ብልሃት አለ። ሩዙን ወይም ምስሩን 10 ደቂቃ ያህል አፍልታችሁ፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ ድስቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት፤ በራሱ ሙቀት ይበስላል። ቀይ ቦሎቄ ግን እንዲህ አይበስልም። በለስላሳ ሙቀት የማይጠፋ መርዝ አለበት፤ 5 ሰዓት ተነክሮ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ 30 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ለተቅማጥ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ሳይከመሩ፣ ይሟሟሉ። ጨው ከበዛ ለሕፃን አደገኛ ነው። ለመብራት ከሻማ ይልቅ የእጅ ባትሪ ይሻላል፤ ድንጋዮቹን አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጧቸው፣ አለዚያ ያፈሱና የሚነካኩበትን ብረት ይበሉታል። የመታወቂያና የሰነዶች ቅጂ፣ ጥቂት ዝርዝር ገንዘብና ሁልጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ይሁኑ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ በመጀመሪያው አስቤዛ በረኪናና ጨው፣ ቀጥሎ አንድ ኪሎ ምስር፣ ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ ዘይት፤ ባትሪ ከእነዚህ በኋላ። ምንም መጨመር በማይቻልበት ሳምንት ባዶ ጠርሙስ አጥባችሁ ሙሉ።