የቅርንፉድ የጥርስ ዱቄት በቤት ውስጥ

ያደግኩት ወንጂ ነው። የእኔ ዕድሜ ልጆች ስንስቅ አፋችንን በእጅ እንሸፍን ነበር፤ ጥርሳችን ቡናማ ነዋ! የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ (ሲበዛ በማደግ ላይ ያለ ጥርስ የሚያበልዝ ማዕድን) የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከፈቀደው 1.5 ሚሊ ግራም እጅግ ያልፍ ነበር። እኔም ይነጣልኝ ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ ከሰልና ጨው ቀላቅዬ ፈተግኩት። ቡናማው አልለቀቀም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ግን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ቀለሙ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ አብሮ የገባ ነው፤ በፍተጋ አይወጣም። የተፋቀ የጥርስ ሽፋን ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ የምነግራችሁ ዱቄት አፍ ያጸዳል እንጂ ጥርስ አያነጣም።

ቅርንፉዱን ስትገዙ አንዷን ፍሬ በጥፍር ጫን አድርጓት። ወዝ ካወጣች ጥሩ ናት፤ ደርቃ ከተፈረፈረች ተዉት። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ በሙቀጫ ውቀጡ፤ እሳት ላይ አታምሱት፣ ዘይቱ ይተናል። ጥላ ላይ የደረቀ የናና ቅጠልም ለብቻው ውቀጡ።

ዋናው ሥራ መንፋቱ ነው። የወጥ ቤት ወንፊት አይበቃም። የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ብርጭቆ አፍ ላይ አስሬ፣ ዱቄቱን አድርጌበት በጣት ቀስ እያልኩ እመታዋለሁ። የወረደውን በሁለት ጣት አሹት፤ አሸዋ አሸዋ ካለ እንደገና ይወቀጥ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ጥርስ የሚጎዳው ይኸው ነው።

ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተነፋ ቅርንፉድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ናና፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በደንብ የላመ ጨው ቀላቅሉ። ቅርንፉዱን አታብዙ፤ ድድ ያቃጥላል። ለትንንሽ ልጆች አልሰጥም።

ክዳን ባለው ደረቅ ብልቃጥ አስቀምጡት። እርጥብ ብሩሽ አትንከሩበት፣ ይጓጉላል፤ መዳፋችሁ ላይ ትንሽ አፍስሳችሁ ለስላሳ ብሩሽ ንኩበት።

እኔ በሳምንት ሦስት ማታ እጠቀምበታለሁ። በሌላው ጊዜ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው የምጠቀመው፤ ዱቄቱ ከመበስበስ የሚከላከል ፍሎራይድ የለውማ። ታላቅ እህቴ «ያ ውሃ የሠራን አይበቃም?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ግን ያ ቡናማ ቀለም የሚመጣው በልጅነት፣ ጥርስ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው። አድጎ የወጣን ጥርስ ሳሙናው አያበልዘውም። ባለፈው ፋሲካ ከዱቄቱ ጋር አንድ ሳሙና ጨምሬ ላክሁላት።