የሙቅ ውሃ ቧንቧና የመብራት ሽቦ፦ ከልስን በፊት መታረም ያለባቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳር፣ ከአያት ወዲያ፣ በየካ አባዶና በለገጣፎ በኩል ግንባታ የሌለበት መንገድ ማግኘት ይከብዳል። የመብራት መስመር ስዘረጋ የምውለውም እዚያው ነው። ብሎኬቱ ያልቃል፣ ጣራው ይመታል፣ ከዚያ የቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪሺያኑ በየተራ ይጠራሉ። አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ሐሙስ። አይተዋወቁም፣ አይደዋወሉም። ከዚህ በታች የምጽፈው ችግር አብዛኛው የሚወለደው ከዚህ ነው።

ሙቅ ቧንቧ የምለው ከቦይለር ወይም ከሶላር ወደ ሻወርና ወደ ኩሽና የሚሄደውን ነው። እሱንም የምናስገባው መብራት በሚያልፍበት ግድግዳ ውስጥ ነው።

ለሁለቱም አንድ ቦይ መጠቀም

ግድግዳ መፈልፈል አድካሚ ሥራ ነው። በግራይንደር ይቆረጣል፣ በመሮ ይፈለፈላል፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ስለዚህ ኋላ የመጣው ባለሙያ የተዘጋጀ ቦይ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። «ተፈልፍሎ የለ እንዴ፣ ምን ያደክመናል?» ይላል። ባለቤቱም የእጅ ዋጋ ቀነሰልኝ ብሎ ይስማማል። የሽቦው ቱቦና የሙቅ ውሃው ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ) ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ ልስን ይለበስባቸዋል፣ አለቀ።

ቤት ውስጥ የምንዘረጋው የተለመደው ሽቦ ልባሱ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። የሚችለው ሙቀት እስከ 70 ዲግሪ ነው፤ ያውም ኤሌክትሪኩ ሲያልፍበት ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ተደምሮ። ኤሌክትሪክ የመሸከም አቅሙ የሚሰላው አካባቢው 30 ዲግሪ ነው ተብሎ ነው። አካባቢው 60 ዲግሪ ከደረሰ አቅሙ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቦይለር ደግሞ ውሃውን 60 እና 70 ዲግሪ ያደርሳል። ሶላር ይብሳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በጥር ፀሐይ ጣራ ላይ ያለ ሶላር ወደዚያ መጠጋት አያቅተውም። ያ ውሃ 70 ዲግሪ ብቻ ከሚችል ሽቦ አጠገብ ያልፋል።

ሰው የሚሳሳተው ሽቦው ወዲያው ይቀልጣል ብሎ ስለሚጠብቅ ነው። አይቀልጥም። ይደርቃል። ፒቪሲውን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር በሙቀቱ ቀስ በቀስ እየተነነ ያልቃል። ለገጣፎ አንድ ቤት መታጠቢያው ውስጥ ብሬከር አልቆም ብሎ ሴራሚክ አስነሳን። ሽቦውን አውጥቼ በጣቴ ጎበጥ ሳደርገው ልባሱ እንደ ደረቅ ማካሮኒ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ መዳቡ ራቁቱን ወጣ። ያው ሽቦ ከቧንቧው ርቆ በሚያልፍበት ቦታ ግን አሁን ከሱቅ የወጣ ይመስል ነበር። ቀለሙም አልደበዘዘም።

እኔ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር እጠይቃለሁ፣ ቦያቸውም የተለያየ እንዲሆን። የግድ መገናኘት ካለባቸው ቀጥ ብለው ይቋረጡ እንጂ አብረው አይጓዙ። በሚቋረጡበት ቦታ ሙቁ ቧንቧ የአረፋ ኢንሱሌሽን ይልበስ። አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ማድረግም መፍትሔ አይደለም። ሽቦው ከላይ ሲሆን ሙቀቱ ይወጣበታል፣ ከታች ሲሆን ቧንቧው ባፈሰሰ ቀን ውሃው ይንጠባጠብበታል። የሚሻለው ጎን ለጎን፣ ተራርቆ ነው።

ኧርዝን ቧንቧ ላይ ማሰር

እባካችሁ ይሄን ተዉት። ኤሌክትሪሺያን ነኝ የሚል ሰው ጭምር ያደርገዋል። ኧርዝ ማለት ሾልኮ የወጣን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ነው። መሬት ቆፍሮ የኧርዝ ዘንግ መቅበር ስለሚከብደው ሽቦውን በገሊቫናይዝድ ቧንቧ ላይ ጠምዝዞ ይሄዳል። ብረት ነው፣ መሬት ውስጥ ገብቷል፣ ምን ቸገረኝ ይላል።

የካ አባዶ አካባቢ እንዲህ የተሠራ ቤት ገጥሞኛል። ከጊዜ በኋላ ቧንቧው ዝጎ ያፈስሳል። የቧንቧ ሠራተኛ ይመጣና የተበላሸውን ቆርጦ በፒፒአር ይተካዋል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ጥፋት የለበትም። ግን ፒፒአር ፕላስቲክ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቤቱ በዚያች ቀን ኧርዝ አልባ ሆነ፣ ማንም አላወቀም። ቀጥሎ የቦይለሩ ማሞቂያ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃውና ወደ ብረቱ ይለቅ ጀመር። ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ስለሌለ በየቧንቧው ላይ ቆመ።

መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነጠላ ጫማዎች ተደርድረው ነበር፣ የትልቅም የትንሽም።

«እትዬ፣ ቧንቧው መንዘር ከጀመረ ቆየ?»

«ኧረ ቆይቷል ልጄ። ትንሽ ነው እኮ የሚነዝረው። ጫማ ካደረግን ምንም አይል።»

ሕፃናቱም ያንን ተምረው ጫማ አድርገው ይታጠባሉ። ይሄን ስሰማ በቁጣም በድንጋጤም መናገር አቃተኝ። «ትንሽ ይነዝራል» የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ትንሽ የሆነው ጫማው ደረቅ ስለሆነ ነው። እርጥብ ገላ፣ ባዶ እግር፣ እርጥብ ወለል ሲገናኙ ያው 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ቧንቧ ከነዘራችሁ በዚያው ደቂቃ ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ እስኪጠገንም ማንም አይታጠብ።

ኧርዝ የራሱ ዘንግ፣ የራሱ ሽቦ ይኑረው። የብረት ቧንቧ ካለ ከዚያ ኧርዝ ጋር ይያያዝ፤ ቧንቧው ራሱ ግን ኧርዝ አይሁን። የቦይለሩ መስመር ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ይኑረው። ኤሌክትሪክ ወደ ሌላ ቦታ እየሾለከ መሆኑን ሲያውቅ በቅጽበት ያቋርጣል። ዋጋው ከአንድ ጥሩ የሻወር ጭንቅላት ብዙ አይርቅም። ሻወሩን መርጦ የገዛ ሰው ይሄን ሲዘል ያሳዝነኛል።

ሶኬትን ከቦይለሩ ሥር ማድረግ

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ ተነስቶ 70 ዲግሪ ሲደርስ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ትርፍ ውሃ ይኖረዋል፤ ያም ግፊት ሲበዛ በሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ በኩል ይንጠባጠባል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ጠብታው ግን ከሥሩ ሶኬት ካገኘ ሌላ ነገር ነው። ቫልቩን በእንጨት ወይም በጨርቅ የሚደፍኑም አይቻለሁ፤ ያ ቦይለሩን ማፈንዳት ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አድርጋችሁ ጠብታውን ወደ ፍሳሽ ምሩት፣ ሶኬቱን ወደ ጎን አርቁት። ከሻወሩ መታጠቢያ ጠርዝ በ60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ደግሞ ሶኬት ጨርሶ አይገባም።

ፒፒአር ሽቦ ካለፈ በኋላ መበየድ

የመበየጃው ማሽን 260 ዲግሪ ነው። ጠባብ ቦይ ውስጥ ሲገባ የሽቦውን ቱቦ ይነካል፣ ቱቦው ይቀልጣል፣ ሽቦውም ይቆስላል። ቧንቧ መጀመሪያ፣ ሽቦ ኋላ።

ሙቅ ቧንቧን ኮርኒስ ውስጥ ሳያስሩ መልቀቅ

ፒፒአር በሙቀት ይረዝማል። 4 ሜትር ቧንቧ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በክላምፕ ካልተያዘ ይጎብጥና ሄዶ ኬብሉ ላይ ይተኛል። የሶላሩን ኬብል ከሙቁ ቧንቧ ጋር በማሠሪያ ጠፍሮ ከጣራ ማውረድም ያው ነው።

ሳይፈትሹ መለሰን

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ባዶ ነው፣ ባዶ ስለሆነ ሳይፈተሽ ይለሰናል። የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ተከራዩ። ባልዲ ውሃ ይበቃዋል። የግፊት መለኪያው ጌጅ አድሮ ካልወረደ ልሰኑ።

በዚያው ዕለት እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ። ሜትር ከወለሉ ወደ ላይ፣ ከማዕዘኑ ወደ ጎን ተዘርግቶ ቁጥሩ ይታይ። ስልክ ይጠፋልና ለቤተሰብም ላኩት። መስታወት ወይም የፎጣ መስቀያ ሊሰቅል ድሪል ይዞ የመጣ ሰው ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት ያንን ፎቶ ይይ።