«ጥሩ ቅቤ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ

ቅቤ ተራ ገብታችሁ «ጥሩ ቅቤ አለ?» በሉ። ሁሉም «ሞልቶ!» ይላችኋል። «የኔ ዛሬ ጥሩ አይደለም» የሚል ነጋዴ ብዙም አይገጥምም። እኔም ለዓመታት እንዲሁ እየጠየቅሁ ስገዛ ኖሬ አንድ ፋሲካ ጉድ ሆንኩ።

ሦስት ኪሎ ነበር። የት እንደገዛሁት ይቅር። በኮባ የተጠቀለለ፣ ቢጫ፣ ሽታውም ደህና። ቤት ወስጄ ስጥደው ላዩ ቀለጠ፣ ታቹ ግን እንደ ገንፎ ድስቱን ያዘው። በማማሰያ ጫር ሳደርገው ቡናማ፣ የሚለጠፍ ነገር ወጣ። እናቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችና «አንቺ፣ ሙዝ ነው እኮ!» አለች። ከሦስቱ ኪሎ ለዶሮው የደረሰው እፍኝ ታህል ነበር።

አሁን ሾላ ገበያ አንዲት እናት ደንበኛ አሉኝ። መጀመሪያ ቀን «ጥሩ ቅቤ ፈልጌ ነበር» ስላቸው «ለምንሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እናንተም ከቤት ሳትወጡ ከዚህ ጥያቄ ጀምሩ።

ለጸጉር ከሆነ ለጋ ግዙ። ለክትፎም ለጋው ተነጥሮ ነው፤ ሥጋውን አይጫነውም። ለዶሮ ወጥ ግን ለጋ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ያ ሁሉ ሽንኩርትና በርበሬ ውስጥ ድምጡ ይጠፋል። እዚያ በሳል ቅቤ ያስፈልጋል። ቅቤ ሲቆይ ስቡ እየተፈታ ቢዩትሪክ አሲድ ይወጣዋል፤ አፍንጫ የሚነካው ያ ነው። ያንኑ ሽታ ጸጉሬ ላይ ቢሆን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ አይኖርም። ወጥ ላይ ሲሆን ግን ጎረቤት «ምን እየሠራሽ ነው?» ብሎ ብቅ ይላል። መሃከለኛውን ለዕለት ሽሮ እይዘዋለሁ፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

በቀለም አትሸነፉ። ቅቤን ቢጫ የሚያደርገው ላሟ የበላችው እርጥብ ሣር ነው። ክረምትና መስከረም ላይ ቢጫ የሆነው ቅቤ በጋ ላይ፣ ላሞቹ ድርቆሽ ሲበሉ፣ ይነጣል። ስለዚህ መጋቢት ላይ እንደ አደይ አበባ የሚያበራ ቅቤ ካያችሁ ደስ አይበላችሁ፤ እርድ ነክቶት ይሆናል። «የሸኖ ነው»፣ «የጎጃም ነው» የሚለውንም ስሙና እለፉት። ቅቤው መታወቂያ የለው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቢላ ወይም ስንጥር አስመጥቼ እስከ መሃል እሰካለሁ፤ ላዩን በደህናው ለብጦ ውስጡን ሌላ የሚያደርግ አለ። ስንጥሩን አውጥቼ ጫፉን አሸታለሁ። ለፋሲካ የሚገዛ ሰው ሁዳዴ ላይ ስለሆነ መቅመስ የለም፤ አፍንጫ ግን አይጾምም። ቀጥሎ ትንሽ ወስጄ የእጄ ጀርባ ላይ አሻለሁ። ንጹህ ቅቤ በገላ ሙቀት ብቻ ቀልጦ ይሰርጋል። እንደ ሻማ ከተለጠፈ የአትክልት ቅቤ ጠርጥሩ፤ ከሻከረ ደግሞ ዱቄት ወይም ድንች። በመጨረሻ ጫን አድርጌ አያለሁ፤ ውሃው ዥው ካለ በውሃ ዋጋ አልገዛም።

ብዙ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ይዛችሁ ቤት ሂዱ። ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨምሩ። ቅቤው ቀልጦ ላይ ይንሳፈፋል፤ እንደ ዱቄት፣ ድንች ወይም ሙዝ ያለ ነገር ካለው ይዘቅጣል። ውሃው ትንሽ ወተት ቢመስል አትደንግጡ፣ የአሬራው ቅሪት ነው። ድንች ወይም ዱቄት ከጠረጠራችሁ ከፋርማሲ አዮዲን ገዝታችሁ ውሃው ሲቀዘቅዝ ጠብ አድርጉበት። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለው። ይህን ነጋዴው ፊት አታድርጉ፤ እኔ አድርጌ ተሰድቤያለሁ።

ነጋዴዋንም ምረጡ። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚባለው ቅቤ ተራ ውስጥ የተፈጠረ ይመስለኛል። «ውሰጂ እናቴ፣ ለአንቺ ስል ነው» የምትለኝን አልፋታለሁ። የኔዋ ደንበኛ ብዙም አያወሩ። ባለፈው ለእህቴ ጸጉር ለጋ ፈልጌ ስሄድ በስንጥር ነካ አደረጉና «ይሄ አራት ቀን አልፎታል፣ ለራስ አይሆንሽም» ብለው ሁለት መደብ አልፋ ወደተቀመጠች ሴትዮ ጠቆሙኝ። ራሳቸው ሳንቲም አላገኙም። ለዶሮው በሳል ልገዛ ስሄድ ስንጥር እንኳን አልሰካሁም።

ማንጠሩ ላይ አትቸኩሉ። እሳቱ ለስለስ ይበል። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ትንሽ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ነጭ ሽንኩርቱ ከጠቆረ ሁሉም መራራ ይሆናል። አረፋውን ግፈፉ። ከአንድ ኪሎ ወደ 800 ግራም ቢተርፋችሁ አልተታለላችሁም፤ የሄደው ውሃና አሬራ ነው። ውሃው እስኪያልቅ ድስቱ ሲንጫጫ ይቆያል። ዝም ሲል አውርዱት።